ዝቅ አድርገህ ስቀለው

ጥቅምት ሲያገባድድ ሰው መስቀል ነው ሥራዬ፤
አትደንግጥ ወዳጄ፣ አትራቅ ከዙሪያዬ፤
ገመድ አልቋጠርኩም፣ ፍርድም አላነበብኩ፣
የማዘጋጃ ቤት ደመወዝተኛ ነኝ፣ የታዘዝኩትን ሰቀልኩ።

ሌትብሪጅ ነው አገሩ፣ ነፋስ የነገሠበት፣
ባርኔጣ ከባለቤቱ ቀድሞ መንገድ የሚሻገርበት።
በመኪናው ክንድ ጫፍ፣ በቅርጫቱ ቆሜ፣
ሽቅብ እወጣለሁ ሠላሳ ፊት ተሸክሜ፤
የጨርቅ ፊት ነው ሁሉም፣ በክንድ ልክ የተቆረጠ፣
ስሙ ከሥር፣ ዓመቱ ከሥር፣ ዓይኑ ጎዳና ላይ ያፈጠጠ።
አንዷ የጦር ሜዳ ነርስ፣ አንዱ ታንክ ዘዋሪ፣
አንዱ የካይናይ ሰው፣ ሬዲዮ ያዥ፣ ፈረስ ገሪ።
ከተማው ያዋጣል፦ ዳቦ ቤቱ ለአንዱ፣ ጎማ ቤቱ ለአንዱ፤
ዘመድ ለጠፋበት፣ የአምስተኛ ክፍል ልጆች
ጠርሙስ ሊለቅሙ ሸለቆ ወረዱ።

ሰባተኛው ጎዳና ላይ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ማዶ፣
አሮጊቷ ኢርማ ወጣች፤ ጧት ነው፣ መሬቱ በረዶ።
«የእኔን ዛሬ ነው የምትሰቅለው?» አለች።
«አዎ፣ ላዮስ ሶልተስ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር።»
አንገቷን አቅንታ ምሶሶውን አየች፤
«ዝቅ አድርገህ ስቀለው። ከፍታ ይፈራ ነበር።»

ደንቡ አራት ሜትር ተኩል ይላል፤ ደንብ ዘመድ የለው።
«ባህር ኃይል አልነበር እንዴ?»
«ወጥ ቤት ነበር እንጂ፣ መርከቡን ያበላው፤
ከኮሪያ ወደብ ማዶ ድንች ልጦ፣ ድንች ልጦ ተመለሰ፤
ጥይት አልተኮሰም። መጥቶ ቧንቧ ጠገነ፣ አረጀ፣
አልጋው ላይ ጨረሰ።
‹ይሄም ይሰቀላል?› ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤
‹የበላ ሁሉ ምስክር ነው› አሉኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።
ደረቱ ላይ መስቀል የለ፣ ሊሸልሙት ረሱት፤
እንግዲህ ራሱን ስቀሉት!»

መለዮ የለበሰበትን ፎቶ የምድር ቤት ጎርፍ በልቶታል፤
የተረፈው አንድ ነው፦ ወንዝ ዳር፣ ዓሣ አንጠልጥሎ ይስቃል።
ሃያ ዘጠኙ ኮስተር ብለው መንገዱን ሲጠብቁ፣
የእሱ ብቻ ጥርስ ይታያል፤ ልጆች አይተውት ሳቁ።
ወጣሁ። ብሎኑን አጠበቅሁ፣ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጌ፣
ማንም አይለካውም ብዬ፣ ደንቡን በጓንቴ ሸሽጌ።

ኅዳር ሁለት፤ እነሱ አሥራ አንድ፣ እኔ አምስት ሰዓት የምለው፤
ጥሩምባው ጮኸና ቆመ፣ ዝም አለ ከሐውልቱ ሥር ያለው።
የአራት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር መሀል መንገድ ሞተር አጠፋ፤
አንድ ሕፃን ብቻ አለቀሰ፣ ማንም አልተከፋ።
ሁለት ደቂቃ።
ነፋሱ ግን ትእዛዝ አይሰማ፣
ሠላሳውን ጨርቅ ያጨበጭብ ነበር በከተማ።

በማግስቱ ማውረድ ነው። የሰቀለ ማውረድም አለበት፤
አጣጥፎ በየስሙ፣ በሳጥን፣ እስከሚመጣው ጥቅምት።
ኢርማ ከታች ቆማ፣ «ከቅርብ እንዴት ነው?» አለችኝ።
ምን ልበላት?
ጠጋ ሲሉት ፊት ነጠብጣብ ነው፤ ሳቁም ይበተናል።
«ከጥጉ» አልኳት፣ «አንድ ደብዛዛ ነገር አለ፣
ጥላ ይሁን ጭጋግ፤ አታሚው ሳያየው አልፎታል።»

ጓንቷን አወለቀች፣ አውራ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች፤
«እሱ የእኔ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣
ካሜራ አያያዝ አላውቅም» አለች።

ከሳጥኑ ዝርዝር ላይ «ላዮስ ሶልተስ፣ አንድ ጨርቅ» ብዬ ጻፍኩ፤
እርሳሱን መልሼ አነሳሁና
«እና አንድ ጣት» አልኩ።